ባክቴሪያው፣ ጨጓራውና የፋው መንገድ

ፋው በምሥራቅ ሱዳን፣ ከዋድ መዳኒ ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። የራሃድ መስኖ እርሻ መቀመጫ ስለሆነች ሱዳናውያን በጥጥና በማሽላ ያውቋታል። የእኛ ሰው ግን ስሟን የሰማው በስደት ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከትግራይ ከወጣው ሕዝብ ከፊሉ በዙሪያዋ በተተከሉ መጠለያዎች ከርሟል። አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ደግሞ ጦርነት ከዋድ መዳኒ ያፈናቀለው ሱዳናዊ በዚያው ጎዳና ወደ ገዳሪፍ ተመመ፤ ገሚሱም እስከ መተማ ዘለቀ።

በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ቤቱንና ከብቱን ጥሎ ቢወጣም አብሮት የተጓዘ አንድ ነገር ነበር። በሁለቱም አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለውን ጥምዝ ባክቴሪያ በጨጓራው ይዞ የሚኖረው ሰው እጅግ ብዙ ነው።

ዛሬ ባክቴሪያውን የማያውቅ ሰፈር የለም። “ባክቴሪያ ተገኘብኝ” ብሎ ሦስት ዓይነት መድኃኒት በፌስታል ይዞ ከክሊኒክ የሚወጣ ሰው በየቀኑ እናያለን። አንዱ በርበሬ አቁሟል፤ ሌላው ጠዋት ጠዋት ተልባ ይጠጣል፤ ሦስተኛው “ወደ ካንሰር ይለወጣል” የሚል ሰምቶ እንቅልፍ አጥቷል። አፍሪካዊን ይህ ካንሰር አይነካውም የሚል ወሬ ደርሶት የተዘናጋም አለ። ሁሉም የአንድ ረጅም ታሪክ ቁርጥራጭ ነው የያዙት። ታሪኩ ከመነሻው ሲነገር የእኛ ድንበር ሕዝብ ከባለታሪኮቹ የመጀመሪያው እንደሆነ ይታያል። ስለ ባክቴሪያው በተጠናበት ጊዜ ግን ሳይጠየቅ ቀርቷል። (ከ“ሰባ ሰባቱ ድርቅ” በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## ከ100,000 ዓመት በፊት ጀምሮ

ባክቴሪያው የሚተላለፈው በአብዛኛው በአንድ ቤት ውስጥ፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ነው። አንዴ ጨጓራ ውስጥ ከሰፈረ ካልታከመ በቀር ባለቤቱን ዕድሜውን ሙሉ አይለቀውም። በዚህ ምክንያት የባክቴሪያው የዘር ሐረግ የተሸካሚውን ሕዝብ ሐረግ ተከትሎ ይሄዳል። ዳንኤል ፋሉሽና ባልደረቦቹ በ2003 ከተለያዩ አህጉራት ሰዎች ጨጓራ የተወሰዱ ባክቴሪያዎችን ዘረመል ሲያነጻጽሩ የጥንት ሰዎች ፍልሰት ፈለግ በውስጡ ተጽፎ አገኙት። በ2007 ቦዶ ሊንዝና ሌሎች ተመራማሪዎች አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ የሰው ልጅ ከምሥራቅ አፍሪካ ወጥቶ ወደ ዓለም ሲበተን፣ ከ58,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ይህን ባክቴሪያ በሆዱ ይዞ እንደወጣ አሳዩ። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሰውና የባክቴሪያው አብሮነት 100,000 ዓመት ያህል እንደሚሆን ገመተ።

በእነዚህ ጥናቶች ከተለዩት የባክቴሪያው ቤተሰቦች አንዱ “የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ” የሚባለው ነው። የተገኘውም በኢትዮጵያውያን፣ በሶማሊያውያንና በሱዳናውያን ጨጓራ ውስጥ ነው። የመተማና የገላባት ድንበር ባለሥልጣናት መስመር ሳያሰምሩበት ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የሁለቱ ወገን ሰዎች በዚህ ረገድ ቤተሰብ ነበሩ።

የዚህ ሐረግ ቅርንጫፍ አውሮፓም ደርሷል። በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ በ1991 የተገኘው፣ 5,300 ዓመት የሞላው የሰው አስከሬን ጨጓራ ሲመረመር ባክቴሪያው በውስጡ ነበር። ውጤቱ በ2016 ታተመ። የዛሬ አውሮፓውያን ባክቴሪያ ከእስያና ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ዘሮች የተዳቀለ ሲሆን፣ የዚያ የጥንት ሰው ግን ከሞላ ጎደል የእስያው ብቻ ነበር። ስለዚህ የእኛ አካባቢ ዘር ወደ አውሮፓ የገባው በአብዛኛው ከእርሱ ዘመን በኋላ ነው ማለት ነው። ይህን ሳነብ የሚገርመኝ ርቀቱ ብቻ አይደለም። የእኛ እናቶች ለልጆቻቸው ያስተላለፉት ነገር ሮምና ፓሪስ ድረስ ተከትሏቸው ከሄደ፣ ስለ እርሱ ሲጠና የእኛ ሰው ከዳር መቆሙ ያስቆጫል።

## ከ1893 እስከ 1954፦ ታይቶ የተረሳ

ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ በ1893 በውሻ ጨጓራ ውስጥ ጥምዝ ባክቴሪያዎች እንዳየ ጻፈ። በ1899 ክራኮው ውስጥ ቫሌሪ ያቮርስኪ ከሰው ጨጓራ በታጠበ ፈሳሽ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አየ፤ ምናልባት ለጨጓራ በሽታ ምክንያት ሊሆን እንደሚችልም ጠረጠረ። የጻፈው በፖላንድ ቋንቋ ስለነበር ያነበቡት ጥቂት ናቸው።

ዘመኑ ግን ለዚህ ሐሳብ አልተመቸም። ጨጓራ የአሲድ ቤት ነው፣ በአሲድ ውስጥ ደግሞ ጀርም አይኖርም የሚል እምነት ሰፍኖ ነበር። በ1910 ክሮኤሺያዊው ሐኪም ሽዋርዝ አሲድ ባይኖር ቁስለትም እንደማይኖር አስተማረ፤ ከዚያ በኋላ የጨጓራ ሕክምና ሁሉ አሲድን ወደ መቀነስ ዞረ። ወተት፣ ቅመም የሌለው ምግብ፣ ዕረፍት፣ ካልሆነም ቀዶ ሕክምና። ጭንቀት ያመጣዋል የሚለውም ያኔ ሥር ሰደደ። እኛ ዘንድ እስከ ዛሬ “አትናደድ፣ ጨጓራህ ይነሣብሃል” የምንባባለው የዚያ ዘመን ሕክምና ከሚለው ጋር ይስማማል።

ጥያቄውን ለጊዜው የዘጋው የ1954ቱ ጥናት ነው። አሜሪካዊው ኤዲ ፓልመር ከ1,000 በላይ የጨጓራ ናሙናዎችን መርምሮ ባክቴሪያ እንዳላገኘ አሳወቀ። የተጠቀመበት ማቅለሚያ ባክቴሪያውን አጉልቶ የማያሳይ መሆኑን ያኔ ያነሣው ሰው አልነበረም። በግሪክ ሚሶሎንጊ ከተማ ዶክተር ዮሐንስ ሊኩዲስ ከ1958 ጀምሮ የጨጓራ ቁስለትን በአንቲባዮቲክ ሲያክም ነበር። በሽተኞቹ ዳኑ፤ እርሱ ግን ተከሶ ገንዘብ ተቀጣ፣ ጽሑፉንም የሚያትምለት መጽሔት አላገኘም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሜቲዲን የተባለው አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ገበያ ላይ ሲወጣ ሕመሙን አስታገሠ፣ ለኩባንያውም ትልቅ ሀብት አመጣ። መድኃኒቱ ሲቆም ግን ቁስለቱ ይመለሳል። ምክንያቱ ሳይነካ ቀርቷልና።

## ከ1979 እስከ 1984፦ ፐርዝ

ሮቢን ዋረን በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ የሮያል ፐርዝ ሆስፒታል ፓቶሎጂስት ነበር። በ1979 አንድ የጨጓራ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመለከት በሽፋኑ ላይ የተኮለኮሉ ጥምዝ ባክቴሪያዎች አየ። ባልደረቦቹ አላመኑትም፤ በብር ማቅለሚያ አቅልሞ አሳያቸው። ከዚያ በኋላ ባያቸው ናሙናዎችም ባክቴሪያው ባለበት ሁሉ የጨጓራው ግድግዳ የተቆጣ ነበር።

በ1981 ባሪ ማርሻል የተባለ ወጣት ሐኪም ተቀላቀለው። ሁለቱ ለኢንዶስኮፒ፣ ጨጓራን በቀጭን ቱቦ ለሚያሳየው ምርመራ፣ ከመጡ 100 በሽተኞች ናሙና ወስደው ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማራባት ሞከሩ። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ያህል ሳህኖች ምንም አላበቀሉም፤ በላቦራቶሪው ደንብ መሠረትም ከሁለት ቀን በኋላ ይጣሉ ነበር። በ1982 ፋሲካ ሲመጣ ሠራተኛው ለበዓል ሄደ፣ አንድ ሳህን ለአምስት ቀን ያህል ተረስቶ ቆየ። ሲመለሱ ባክቴሪያው አድጎ አገኙት። ቀስ ብሎ የሚያድግ ፍጥረት ነበር፤ ጠባዩን ያሳወቃቸው የበዓሉ ዕረፍት ሆነ። ከበሽተኞቹ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ቁስለት የነበረባቸው 13ቱም ባክቴሪያው ተገኘባቸው።

ሆኖም አብሮ መገኘት ምክንያት መሆንን አያስረዳም። ማርሻል በእንስሳት ላይ ሲሞክር አልሆነለትም። በ1984 በራሱ ጨጓራ ጤናማነት በኢንዶስኮፒ እርግጠኛ ሆነ፣ ቀጥሎ ከአንድ በሽተኛ የተገኘውን ባክቴሪያ በብርጭቆ አድርጎ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽና ትውከት ያዘው፣ የአፉ ጠረን ተለወጠ። ከአሥር ቀን በኋላ የተወሰደው ናሙና ጤናማ የነበረው ጨጓራ በባክቴሪያ ተሞልቶ መቆጣቱን አሳየ። ሁለቱ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይም ጨጓራ በኢንዶስኮፒ ይታይ ነበር። የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ከ1,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ የጨጓራ ኢንዶስኮፒ ውጤት በ1981 አሳተሙ። መሣሪያው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ በሆነበት አገር ይህ ትልቅ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጎልቶ የሚታየው ችግር የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ቁስለት ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

## 1984 እና 1985፦ ዋድ ኮውሊና ፋው

የማርሻልና የዋረን ዋና ጽሑፍ በሰኔ 1984 “ላንሴት” በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከትግራይ የተነሣው ሕዝብ ሌሊት ሌሊት በእግሩ እየተጓዘ የሱዳን ድንበር ይሻገር ጀመር። ዋድ ኮውሊ በጥቂት ወራት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያጨናነቀው መጠለያ ሆነ። ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ረሀብ ሕፃናቱን ጨረሱ። ውሃው ሊያልቅ፣ ክረምቱም መንገዱን ሊዘጋ ሲቃረብ ከሕዝቡ ብዙው ወደ ሌሎች መጠለያዎች ተዛወረ። ቁጥር እየተሰጣቸው ፋው አንድ፣ ፋው ሁለት፣ ፋው ሦስት የተባሉት መጠለያዎች ታሪክ ከዚህ ይነሣል። በገዳሪፍ በኩል ደግሞ ኡም ራኩባ ላይ ቤተ እስራኤላውያን ቀን ይጠብቁ ነበር፤ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በ“ዘመቻ ሙሴ” ወደ እስራኤል ተወሰዱ።

በዚያ ጊዜ ስለ ጨጓራ ባክቴሪያ የጠየቀ ሐኪም አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር። ልጅ በእጁ ላይ የሚሞትበት ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለሚመጣ ካንሰር አያስብም። ሆኖም ባክቴሪያው የሚስፋፋበት ሁኔታ ሁሉ እዚያ ነበር። በአንድ ድንኳን የታጨቀ ቤተሰብ፣ በአንድ ጣሳ የሚጠጣ ውሃ፣ ትውከትና ሰገራ የሚያጥብ በቂ ውሃ ማጣት። በሰውና በሰው መካከል የሚያልፍባቸው መንገዶች እነዚህ ናቸው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ብዙም የማይነገር ጉዳይ አለ። የጨጓራ አሲድ የኮሌራን ጀርም ከሚገቱ የሰውነት መከላከያዎች አንዱ ነው። ባክቴሪያው ደግሞ በአንዳንድ ሰው፣ በተለይ በልጅነት ሲይዝ፣ የአሲዱን መጠን ይቀንሳል። በኋላ በባንግላዴሽና በፔሩ የተደረጉ ጥናቶች ባክቴሪያው ያለባቸው ሰዎች ለኮሌራ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አመለከቱ። በግንቦትና በሰኔ 1985 ኮሌራ በምሥራቅ ሱዳን የስደተኞች መጠለያ ገብቶ ነበር። በፋውና በዋድ ኮውሊ የሁለቱን ግንኙነት የለካ ሰው ስለሌለ ከዚህ በላይ መናገር አይቻልም።

እስራኤል የደረሱትን ቤተ እስራኤላውያን በኋላ የመረመሩ ሐኪሞች ባክቴሪያው በመካከላቸው በጣም የተስፋፋ ሆኖ አገኙት። ሌሎቹ ወደ ትግራይ ተመለሱ፣ ወይም በገዳሪፍ እርሻዎች የቀን ሠራተኛ ሆነው ቀሩ፤ ማንም አልመረመራቸውም።

## ከ1991 እስከ 1994፦ ካንሰሩ

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የቁስለት ነበር። ወደ ካንሰር ያሻገረው የተቀመጠ ደም ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ካንሰር ከያዘው ሰው ዛሬ ደም ወስዶ መመርመር የትኛው እንደቀደመ አይለይም። ከዓመታት በፊት፣ ገና ጤነኛ ሳለ ተወስዶ በቅዝቃዜ የተቀመጠ ደም ቢገኝ ግን ይለያል።

በሃዋይ የሚኖሩ የጃፓን ተወላጆች በ1960ዎቹ መጨረሻ ለሌላ ጥናት ደም ሰጥተው ነበር። አብርሃም ኖሙራና ባልደረቦቹ ከእነርሱ በኋላ የጨጓራ ካንሰር የያዛቸውን 109 ሰዎች ደም አውጥተው መረመሩ። ከ100 በ94ቱ ላይ የባክቴሪያው ምልክት ነበር፤ ካንሰር ካልያዛቸው እኩዮቻቸው ግን በ76ቱ። ጁሊ ፓርሶኔት በካሊፎርኒያ፣ ዴቪድ ፎርማን በብሪታንያ በተመሳሳይ መንገድ ወደ ተመሳሳይ ድምዳሜ ደረሱ። ሦስቱም በ1991 ታተሙ። በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባክቴሪያውን ካንሰር አምጪነቱ በተረጋገጠው የመጀመሪያ ምድብ አስቀመጠው። ከባክቴሪያዎች ሁሉ እዚያ ምድብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው እርሱ ነው።

እንዴት ካንሰር ያመጣል? መንገዱን ኮሎምቢያዊው ፔላዮ ኮሬያ ባክቴሪያው ገና ሳይታወቅ በ1975 ነድፎት ነበር። የጨጓራው ግድግዳ ለዓመታት ሲቆጣ አሲድ የሚያመነጩት ዕጢዎች ይሳሳሉ፤ በቦታቸው የአንጀት ዓይነት ሴሎች ይበቅላሉ፤ ከእነርሱ ጥቂቶቹ ቅርጻቸው ይበላሻል፤ በመጨረሻም ካንሰር ይሆናሉ። ኮሬያ የመጀመሪያው መቆጣት ከየት እንደመጣ አያውቅም ነበር፤ ፐርዝ መለሰለት። በኋላ እንደታወቀው ከባክቴሪያው ዝርያዎች አንዳንዶቹ ካግኤ የሚባል ፕሮቲን ይሠራሉ፤ እንደ መርፌ ባለ መዋቅር በጨጓራው ሴል ውስጥ ይወጉታል፣ ፕሮቲኑም የሴሉን የማደግ ትእዛዝ ያዛባል። በጨው የቆየና በጭስ የደረቀ ምግብ፣ ሲጋራና የቤተሰብ ታሪክ ነገሩን ያባብሳሉ።

የፈራው ሰው ይህን ይስማ፤ ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች በዕድሜ ዘመናቸው የጨጓራ ካንሰር የሚይዛቸው ከ100 ከአንድ እስከ ሦስት ያህሉ ናቸው። የተዘናጋውም ይስማ፤ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ተሸካሚ ሲሆን ከ100 አንዱ ራሱ ብዙ ሚሊዮን ሰው ነው።

## ከ1992 እስከ 2014፦ የአፍሪካ እንቆቅልሽ

በናይጄሪያ ማይዱጉሪ የሠራው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ክሪስቶፈር ሆልኮም በ1992 “ጋት” በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥያቄ አነሣ። በአፍሪካ ሁሉም ማለት ይቻላል ባክቴሪያው አለበት፤ የጨጓራ ካንሰር ግን ጥቂት ነው የሚታየው። ለምን? ጥያቄው “የአፍሪካ እንቆቅልሽ” ተብሎ ቀረ።

መልስ የሚመስሉ ነገሮች ቀረቡ። በ2000 የጄምስ ፎክስ ቡድን አይጦችን በአንጀት ትልና በባክቴሪያው ዘመድ አንድ ላይ ሲበክል፣ ትሉ የሰውነትን የመከላከያ ምላሽ ስለሚለውጠው የጨጓራው ግድግዳ ያነሰ ተጎዳ። የአንጀት ትል እንግዳ ላልሆነበት ለእኛ ገጠር፣ ቢልሃርዚያ በቦዩ ለሚኖርበት ለራሃድ መስኖ ይህ ትርጉም አለው። ሌሎች ደግሞ ለረጅም ዘመን አብረው የኖሩ ሰውና ባክቴሪያ ተላምደዋል አሉ። በኮሎምቢያ የተደረገና በ2014 የታተመ ጥናት የሰውየው የዘር ምንጭና የባክቴሪያው የዘር ምንጭ ሲለያዩ ጉዳቱ እንደሚብስ አሳየ።

ሦስተኛው መልስ ያን ከላይ ያስያዝኩትን ነጥብ ይመለከታል። ባክቴሪያው በጨጓራው ታችኛ ክፍል ሲሰፍር አሲድ ይበዛል፣ የትንሹ አንጀት ቁስለት ይከተላል። በላይኛው ሰፊ ክፍል ሲስፋፋ ግን ዕጢዎቹን አሳስቶ አሲድ ይቀንሳል፣ የካንሰሩም መንገድ ያ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ያለበት ሰው ለካንሰር ያለው ዕድል ዝቅ ይላል። የኢትዮጵያ ሐኪሞች ያዩት የነበረው በአብዛኛው ይህ የትንሹ አንጀት ቁስለት መሆኑ ከእንቆቅልሹ ጋር ይገጥማል።

እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት መነሣት ያለበት ሌላ መልስ አለ እላለሁ፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ከ2000ዎቹ ጀምሮ አንሥተውታል። ካንሰር ለመቆጠር መታየት አለበት። ኢንዶስኮፒ በሌለበት ወረዳ ሆዱ አብጦ፣ ምግብ አልወርድ ብሎት፣ ከስቶ የሞተ ገበሬ “በሆድ ሕመም” ሞተ ይባላል። የጨጓራ ካንሰር የሚበዛው ሃምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የብዙ አፍሪካዊ ዕድሜ ወደዚያ አይደርስም ነበር። በኢትዮጵያ ሕዝብን መሠረት ያደረገ የካንሰር ምዝገባ በአዲስ አበባ የተጀመረው በ2011 ነው። የገዳሪፍን ገጠርና የምዕራብ ጎንደርን ቆላ ማን ቆጠረ? ዝቅተኛ ቁጥርና ያልተቆጠረ ቁጥር በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ።

## ከ1996 እስከ 2019፦ አገር ቤት ቆጠራ

ባክቴሪያውን መቁጠሩ ካንሰሩን ከመቁጠር ቀድሞ ተጀመረ። በ1996 ፕሮፌሰር እደማርያምና ባልደረቦቻቸው በ“ኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት” ላይ በኢትዮጵያውያን የጨጓራ ሕመምተኞች ዘንድ ስላለው ባክቴሪያ ጻፉ። በቡታጅራ ገጠር የስዊድንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ሕፃናትን ሲመረምሩ ብዙዎቹ ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ ተይዘው አገኙ። ዳንኤል አስራትና ባልደረቦቹ በ2004 በጥቁር አንበሳ 300 ሕመምተኞችን አጠኑ። በ2006 ፈለቀ ሞገስና የጎንደር ባልደረቦቹ በጎንደር ሆስፒታል ሆዳቸውን አሟቸው ከመጡ 215 ሰዎች ከ100 በ85ቱ ደም ላይ የባክቴሪያውን ምልክት እንዳገኙ አሳተሙ። ጎንደር ለገዳሪፍ የቅርብ ጎረቤት ናት፤ በሰሊጥ አጨዳ ወራት የሚሻገረው የቀን ሠራተኛ ብዙው ከዚህ አካባቢ ነው።

በ2019 የታተመ አንድ ማጠቃለያ በአገሪቱ የተደረጉ ጥናቶችን ደምሮ የተያዘው ሰው ከግማሽ ትንሽ በላይ፣ 52 በመቶ ያህል መሆኑን አሰላ። ካለፉት አሥርት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር እየቀነሰ ነው። ንጹሕ ውሃ በገባበት፣ ቤተሰብ ባነሰበት ሰፈር የሚወለድ ልጅ ሳይያዝ የማደግ ዕድሉ ይጨምራል፤ ሌላ አገርም ባክቴሪያው የቀነሰው በዚሁ መንገድ ነው።

በዚህ መሐል ታሪኩ ሳይታሰብ ወደ ፐርዝ ተመለሰ። በከተማዋ የሰፈሩ የአፍሪካ ስደተኛ ልጆች ለጤና ምርመራ ሲቀርቡ ሐኪሞች የሰገራ ምርመራ አደረጉላቸው፤ በ2008 በታተመው ውጤት ከ100 ከ80 በላይ የሚሆኑት ባክቴሪያው ነበረባቸው። ባክቴሪያው በሳይንስ በታወቀበት ከተማ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የአገሩ ልጅ ነፃ ሆኖ ሲያድግ፣ በመጠለያ ያደጉት ይዘውት ገቡ።

## ከ2001 እስከ 2019፦ ማጥፋት ይጠቅማል?

ጃፓናዊው ናኦሚ ኡኤሙራ 1,526 ሕመምተኞችን ለስምንት ዓመት ያህል በኢንዶስኮፒ ተከታተለ። ባክቴሪያው ከነበረባቸው 1,246 ሰዎች 36ቱን የጨጓራ ካንሰር ያዛቸው። ካልነበረባቸው 280 አንድም ሰው አልያዘውም። ይህ በ2001 ሲታተም ክርክሩ ከሞላ ጎደል አበቃ።

የቀረው ሕክምናው ካንሰርን ያስቀራል ወይ የሚለው ነበር። በቻይና ሻንዶንግ፣ ሊንቹ በተባለ የጨጓራ ካንሰር የበዛበት ገጠር፣ በ1995 ሰዎች ለሁለት ሳምንት ብቻ መድኃኒት ወሰዱ። ከ22 ዓመት በኋላ በ2019 የወጣው ውጤት የካንሰሩ መከሰት በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አሳየ። የሁለት ሳምንት ክኒን ለሃያ ዓመት ሲጠቅም ማየት በሕክምና ታሪክ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ጃፓን ይህን ውጤት ሳትጠብቅ በ2013 ለጨጓራ መቆጣት ሕክምናውን በጤና መድኅን ሸፍናለች።

አንድ እንቅፋት ግን እየከበደ መጥቷል። ከሦስቱ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ክላሪትሮማይሲን በብዙ አገሮች ባክቴሪያውን መግደል አቅቶታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ይህን መድኃኒት የሚቋቋመውን ባክቴሪያ አዲስ አንቲባዮቲክ በአስቸኳይ ከሚያስፈልጋቸው ጀርሞች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ሕመሙ ሲቀል መድኃኒቱን ግማሽ ላይ ማቆም፣ ያለ ምርመራ ከፋርማሲ መግዛት፣ የጎረቤትን ትራፊ መዋጥ ይህን ያባብሳሉ። በእኛ ከተሞች ሦስቱንም እናያለን።

## ከ2020 እስከ 2025፦ መንገዱ በሁለት አቅጣጫ

በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ከሁመራና ከአካባቢው የወጣ ሕዝብ በሐምዳየት ተሻገረ። በ1980ዎቹ ስደተኛ የተቀበለችው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተች፣ ቱናይድባም ተጨመረች። ወደ ምሥራቅ ሱዳን ከ60,000 በላይ ሰው ገባ። በሚያዝያ 2023 ደግሞ የሱዳን ጦርነት ጀምሮ ካርቱም ተቃጠለች፤ በታኅሣሥ ዋድ መዳኒ ስትወድቅ ፋው የጦር ግንባር ሆነች። ሱዳናውያን በመተማ ገብተው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። በ2024 ክረምት ኮሌራ በካሳላና በገዳሪፍ ተዛመተ።

የካንሰር ምርምር ተቋሙ ተመራማሪዎች በ2025 “ኔቸር ሜዲሲን” ላይ ያሳተሙት ስሌት በ2008 እና በ2017 መካከል ከተወለዱ የዓለም ልጆች ምንም ካልተደረገ 15.6 ሚሊዮን ያህሉ በዕድሜያቸው የጨጓራ ካንሰር እንደሚይዛቸው ይገምታል፤ ከአራቱ ሦስቱ ከዚህ ባክቴሪያ የተነሣ። ቁጥሩ የሚበዛው በእስያ ነው። ዕድገቱ የሚፈጥነው ግን ከሰሃራ በታች ባለችው አፍሪካ ነው፤ ሕዝቡ እየበዛና ዕድሜው እየረዘመ በመሄዱ። እንቆቅልሹ ለአፍሪካ የሰጣት መሸሸጊያ፣ እውነተኛም ከነበረ፣ አብሮ እየጠበበ ነው።

ባክቴሪያው መኖሩን ለማወቅ ኢንዶስኮፒ የግድ አይደለም። የሰገራ ምርመራው በትንሽ ላቦራቶሪ ይሠራል፣ ጎንደርም ገዳሪፍም ሊደረግ ይችላል። ለየመጠለያው ሕፃን ሁሉ ግን መድኃኒት ማከፋፈል አያዋጣም፤ ውሃውና ድንኳኑ ካልተለወጠ ዳግም ይያዛል፣ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዘርም ይበረታል። ስለዚህ ቅድሚያው ለአዋቂዎች ነው፤ ወላጁ ወይም ወንድሙ በጨጓራ ካንሰር ለሞተበት፣ ቁስለት ላለበት፣ የሚያከሳና የሚያስመልስ ሕመም ለያዘው። ለልጆቹ ደግሞ ውሃ።

በ2020 የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ኡም ራኩባ የገባ ሰው በዚያ ስሌት ከተቆጠረው ትውልድ ውስጥ ነው። ሃምሳ ዓመት የሚሞላው በ2060 ነው። ባክቴሪያውን ማጥፋት ይበልጥ የሚጠቅመው ከዚያ በፊት፣ የጨጓራው ዕጢዎች ሳይሳሱ ነው።